ሦስት ፊደል ለአንድ ለጋ እጅ

በከተማ የሚኖር የብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ አራት ዓመት ሳይሞላው ሁለት ቦርሳ ይገዛለታል። አንዱ ለኬጂ ነው፤ ሌላው ለመድረሳ። ጠዋት "ሚስ" ፊት ተቀምጦ "ኤ፣ ቢ፣ ሲ" ይላል፤ ከእረፍት መልስ "ሀ፣ ሁ፣ ሂ" ይቀጥላል፤ ምሳውን በቅጡ ሳያጣጥም ደግሞ ከኡስታዙ ፊት ተደርድሮ "አሊፍ፣ ባ፣ ታ" ይጀምራል። ማታ አባቱ ከሥራ ሲገባ "እስቲ ዛሬ የተማርከውን አሰማኝ" ይለዋል። ልጁ ግን ራቱን ሳይጨርስ እንቅልፍ ወስዶታል።

ይህን የምንጽፈው ከሁለቱ ቦርሳዎች አንዱን ለማስጣል አይደለም። እኛ ራሳችን በሁለቱም በር ያለፍን ነን። ቃዒዳም ቀርተናል፣ ብሔራዊ ፈተናም ተፈትነናል። ዛሬም ከሳምንቱ አምስቱን ቀን ከኬጂ ልጆች፣ ቅዳሜና እሁድን ከመድረሳ ልጆች ጋር እንውላለን። ያሳሰበን በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው ልጅ ነው። ኬጂው መድረሳው የሚያስተምረውን አያውቅም፤ መድረሳው ኬጂው የጫነውን አይጠይቅም፤ ወላጅ ደግሞ ለሁለቱም ከፍሎ ከሁለቱም ውጤት ይጠብቃል። ሦስቱም ለልጁ መልካም አሳቢዎች ናቸው። ልጁ ግን አንድ ነው።

እስቲ ጭነቱን በቁጥር እንየው። የአማርኛ ፊደል ዲቃሎቹን ሳይጨምር 33 ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ምልክት ይሆናል። ዐረብኛው 28 ሐርፍ ነው፤ ሆኖም አንዱ ሐርፍ በቃል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ሲገባ መልኩ ይለዋወጣል፤ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማም ይጨመሩበታል። እንግሊዝኛው 26 ነው፤ ትልቁና ትንሹ ለየብቻ ሲቆጠር 52። ዝቅ አድርገን ብንደምረው እንኳ 311 ምልክት ነው። ሁለቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋሉ። ይህ ሁሉ የሚቀርበው የጫማውን ቀኝና ግራ ለይቶ ማጥለቅ ገና ለሚያስቸግረው ልጅ ነው።

ነገሩ የድምር ብቻ ቢሆን ባልከፋ። የባሰው አንዱ ያስተማረውን ሌላው የሚያፈርስ መስሎ መታየቱ ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ስድስቱም በንባብ አንድ ድምፅ ናቸው። ልጁ ይህን በስንት ድካም ከተቀበለ በኋላ ከሰዓት መድረሳ ሲሄድ፣ ሀ እና ሐ እንዲሁም ኸ ሦስት የተለያዩ ሐርፎች እንደሆኑና አንዱን በሌላው ቦታ ማለት ስሕተት እንደሆነ ይነገረዋል። አ እና ዐም እንዲሁ ናቸው። በአማርኛ "ዓይን" ብንጽፍም "አይን" ብንጽፍም አንባቢው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ በዐረብኛ ግን "ዐሊም" ዐዋቂ ማለት ሲሆን "አሊም" የሚያሳምም ማለት ነው። (ጥንቁቅ ጸሐፊዎቻችን "ዐሊ"ን በዐ፣ "ሙሐመድ"ን በሐ የሚጽፉት ለጌጥ አይደለም።) በእንግሊዝኛ ደግሞ ትንሿ "ቢ" እና ትንሿ "ዲ" አንድ ቅርፅ ናቸው፤ የሚለዩት ሆዳቸው በዞረበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ጠዋት "ከግራ ጀምር"፣ ከሰዓት "ከቀኝ ጀምር" የተባለ ልጅ ሁለቱን ቢያምታታ ምን ይደንቃል?

ቤተሰቡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነና ልጁ ቁቤም የሚማር ከሆነ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቁቤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና እንግሊዝኛው "ሲ" የሚላት ፊደል በቁቤ "ጭ" ናት፤ "ኤክስ" የሚላትም "ጥ" ናት። ሚስ ግራ ቀኝ ሳታይ "ተሳስተሃል" ስትለው፣ ልጁ በእናቱ ቋንቋ ልክ ነበር።

"የልጅ አእምሮ ንጹሕ ነው፣ ሁሉን ይቀበላል" የሚሉ ወላጆች ያጋጥሙናል። መስማትና መናገርን በተመለከተ እውነታቸውን ነው። በሐረርና በድሬዳዋ ሰፈሮች በሦስት ቋንቋ እየተቀላለዱ የሚጫወቱ የአምስት ዓመት ልጆች ብርቅ አይደሉም፤ ማንም ተቀምጦ አላስተማራቸውም። ፊደል ግን እንደዚያ አይደለም። ንግግርን ልጅ ከሰው መካከል በመኖሩ ብቻ ያገኘዋል፤ ፊደል ግን ሰው የሠራው ምልክት ስለሆነ አንድ በአንድ ካላስተማሩት አይመጣም።

ጆሮ ከእጅ ይቀድማል

ታዲያ ምን ይደረግ? እኛ በሥራችን ያየነውና የምናምንበት ይህ ነው፤ በአራት ዓመት ዕድሜ ቁርአኑ በጆሮ ይግባ፤ ለንባብ ደግሞ አንድ ፊደል ብቻ ይመረጥ፣ እርሱም ልጁ በቤቱ የሚናገረው ቋንቋ የሚጻፍበት ይሁን። ያ ፊደል ሥር ሲይዝ፣ ማለትም ልጁ ያላየውን ቃል በራሱ ፈትቶ ማንበብ ሲጀምር፣ ሁለተኛው ይከተል። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱን ፊደል አጥብቆ የያዘ ልጅ "ምልክት ድምፅን ይወክላል" የሚለውን ዋናውን ምሥጢር ስለጨበጠ ሁለተኛውን በጣም ባጠረ ጊዜ ይይዘዋል። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ የጀመረ ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱንም እንደ ዘፈን በቃሉ ይደረድራል እንጂ ከመሐል አንዷን አውጥተው ቢያሳዩት አያውቃትም። ወላጆች ይህን በቤታቸው ሊፈትኑት ይችላሉ። ልጃችሁ "ሀ ሁ" ብሎ እስከ "ፐ" ከወረደላችሁ በኋላ "ሞ"ን ብቻዋን በወረቀት ጽፋችሁ አሳዩት።

ቁርአኑ በጆሮ ይግባ ስንል አዲስ ነገር ማምጣታችን አይደለም። የወሎው ቁርአን ቤትም ሆነ የሐረሩ ከቢር ዘንድ ልጅ ፋቲሓን፣ ኢኽላስን፣ ፈለቅንና ናስን በቃሉ የሚይዘው ሐርፍ ሳይለይ በፊት፣ ከትልልቆቹ ጎን ተቀምጦ በመስማት ነበር። ይህ የአባቶች ዘዴ ዛሬ "ዘመናዊ" ለመምሰል ሲባል እየተተወ፣ በቦታው የአራት ዓመት ልጅ ሐርፍ የሚገለብጥበት ደብተር ገብቷል። ለውጡ እድገት ነው ለማለት ይከብደናል። ጆሮው በለጋነቱ ሐንና ሀን፣ ዐንና አን የለየ ልጅ በሰባት ዓመቱ ሐርፉን ሲያይ "ይህማ የማውቀው ነው" ይላል። ጆሮው ያልለየ ግን ምልክቱን ቢያውቅም ድምፁን አያገኘውም፤ ትልልቅ ሰዎች ሆነን ተጅዊድ የጀመርን ሁሉ ችግሩን እናውቀዋለን።

ለአማርኛውም ቢሆን ጆሮው ይቀድማል። "ላም" በ"ላ" ጀምሮ በ"ም" እንደሚያልቅ በጆሮው ያልለየ ልጅ ፊደሉን ቢቆጥርም አያነብም። ለዚህ ደብተር አያስፈልግም። እናት እንጀራ እየጋገረች "እስቲ በ'መ' የሚጀምር ነገር ከዚህ ቤት ፈልግልኝ" ብትለው፣ ልጁ መሶቡን፣ መጥረጊያውንና መስታወቱን እየሮጠ ይነካል። እንቆቅልሽም ለዚህ ይረዳል። "እንቆቅልሽ"፣ "ምን አውቅልሽ" እየተባባሉ ከአያቱ ጋር ያመሸ ልጅ ክፍል ውስጥ ጥያቄን እስከ መጨረሻው መስማት ያውቅበታል፤ ቴሌቪዥንና ስልክ ብቻ እያየ ያመሸው ግን መልሱ እስኪነገረው ይጠብቃል። አያቶች ካሉላችሁ ተጠቀሙባቸው።

እዚህ ላይ ስለ "ረ" አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። የአራት ዓመት ልጅ "ረመዳን"ን "ለመዳን" ወይም "የመዳን" ቢል ምላሱ ገና ስላልደረሰ ነው። "ረ" ከሚዘገዩት ድምፆች አንዷ ናት፤ አንዳንዱ ልጅ አምስትና ስድስት ዓመት እስኪሞላው አይላትም። ይህን ልጅ በፋቲሓ መካከል ሃያ ጊዜ እያስቆሙ ማስደገም፣ ከዚያም ጓደኞቹ እንዲስቁበት መተው፣ ከቁርአን ጋር የመጀመሪያ ትዝታው ምን እንዲሆን ነው? ኡስታዙ ራሱ አጥርቶ ደግሞ ያሰማው፣ ልጁም የቻለውን ያህል ይበል፣ ይለፍ። ሰባት ዓመት አልፎትም ካልቻለ ያን ጊዜ ሐኪም ይጠየቃል።

ለጋው እጅ

የሰው የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ ስምንቱም ገና አጥንት አልሆኑም፤ ለስላሳ ናቸው። በአራትና በአምስት ዓመት ዕድሜ ወደ አጥንትነት የተለወጡት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻው እስከ አስር ዓመት ገደማ ይቆያል። እንግዲህ በዚህ እጅ ነው "አንድ ገጽ ሙሉ 'ሀ' ጽፈህ ና" የምንለው። ልጁ እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ትከሻውን ወጥሮ ሦስት መስመር ከጻፈ በኋላ "ደከመኝ" ሲል ሰነፍ አይደለም፤ እጁ በእውነት ደክሞታል።

ውጤቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን። የቤት ሥራውን የምትጽፈው እናት ናት። ደብተሩ ሲገለጥ ከዳር እስከ ዳር የእናት እጅ ጽሑፍ ነው፣ ትንሽ ጠመም ተደርጎ። ሚስም ታውቃለች፤ ግን ወላጅ እንዳይቀየም፣ ዳይሬክተሩም እንዳይጠይቃት ቀይ ኮከብ ትስልበታለች። ልጁ ከዚህ የሚማረው ነገር ካለ፣ ትልልቆቹ ተስማምተው እንዴት እንደሚዋሹ ነው።

እጅን ለእርሳስ የሚያዘጋጀው እርሳስ አይደለም። ሊጥ ማድቦልቦል፣ የታጠበ ካልሲ መጭመቅ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ ምስር መልቀም፣ ጭቃ ማቡካት፣ ወረቀት በጣት መቅደድ፤ ይህ ሁሉ የጣትና የአንጓ ትምህርት ነው፣ ዋጋውም ነጻ ነው። (ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ሽምብራና ባቄላ አትስጡ፤ አፍንጫው ወይም ጆሮው ውስጥ ይከታዋል፣ ሊያንቀውም ይችላል።) ፊደሉን ማስተዋወቅ ያስፈለገ እንደሆነ በሰፌድ ላይ አሸዋ በትነው በጣቱ ይጻፍ፤ ሲሳሳት ሰፌዱን ወዝወዝ አድርጎ ያጠፋዋል።

የድሮው ሉሕም ጥቅሙ ይኸው ነበር። ከእንጨት በተጠረበው ሉሕ ላይ በጥላሸት ቀለም የተጻፈው ትምህርት ሲያልቅ ይታጠባል፣ እንደገናም ይጻፍበታል። የልጁ ስሕተት በውሃ ይሄድ ነበር። ዛሬ ስሕተቱ በቀይ እስክሪብቶ ተከቦ፣ በደብተር ታትሞ እቤት ድረስ ይከተለዋል። ወደ ሉሑ እንመለስ ማለታችን አይደለም፤ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ጨዋታውስ?

"ለመጫወት ነው እንዴ የምከፍለው?" ያለን አባት አለ። ክፍላችን ገብቶ ልጆቹ ገበጣ ላይ ተደፍተው አገኛቸው። ቁጭ ብለው እንዲያዩ ጠየቅናቸው። አንዱ ልጅ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ በየጉድጓዱ እያዘራ ይቆጥራል፣ ሌላው "አይደለም፣ አንድ ዘለልክ" ይለዋል፣ ሦስተኛው ተራው እስኪደርስ ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቃል። መቁጠር፣ መከራከር፣ ተራ መጠበቅ፤ ለሦስቱም የአምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለውም። አባትየው ሲወጡ አንድ ጨዋታ ተሸንፈው ነበር። ሰኞ ማክሰኞም በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅን፣ ኩኩሉም እስከ አስርና እስከ ሃያ መቁጠርን ያስተምራሉ።

ጨዋታን ከዲን ጋር የሚያጋጩ ሰዎች ኢማም አል-ገዛሊ በ"ኢሕያእ" የጻፉትን ቢያስታውሱ መልካም ነው። በ505 ዓመተ ሒጅራ ያለፉት እኚህ ታላቅ ዐሊም ልጅ ከቁርአን ቤት ሲመለስ ድካሙን የሚያወጣበት መልካም ጨዋታ እንዲፈቀድለት መክረዋል፤ ከጨዋታ ከልክሎ ሁልጊዜ በትምህርት ማስጨነቅ ልቡን እንደሚገድል፣ ብልኅነቱንም እንደሚያደነዝዝ፣ በመጨረሻም ከትምህርቱ ማምለጫ ዘዴ እንደሚያስፈልገው አስረድተዋል። ይህ ከተጻፈ ዘጠኝ መቶ ዓመት አልፎታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው የአነስን (ረ.ዐ.) ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይርን ስለሚጫወትባት ትንሽ ወፉ እየጠየቁ ያጫውቱት እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የአንድ ኡመት መሪ ለአንድ ሕፃን ወፍ ጊዜ ካገኙ፣ እኛ ምን የያዘን ሰዎች ነን?

ስለ አለንጋው

ይህ ርዕስ በመድረሳም በኬጂም ብዙ ሰው የማይወደው ነው። ግን ሳይነሣ አይታለፍም፤ ምክንያቱም አለንጋውና ማስመሪያው ዛሬም በየቦታው አሉ።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ክርክር የሶላት ሐዲስ ነው። እስቲ በጥሞና እናስተውለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆች በሶላት እንዲታዘዙ ያሉት ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ነው። ጠንከር ያለው እርምጃ የተጠቀሰው ደግሞ አስር ዓመት ሲሆናቸው ነው። በመካከሉ ሦስት ዓመት አለ። በቀን አምስት ወቅት፣ በዓመት 354 ቀን፣ በሦስት ዓመት ሲሰላ ከ5,000 በላይ ጊዜ በመልካም ቃል መንገር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስላለው ዑለማዎች ጥብቅ ገደብ አስቀምጠዋል፤ ጉዳት እንዳያደርስ፣ ፊት እንዳይነካ፣ በቁጣ እንዳይሆን። እኛ የምንነጋገረው ግን ገና አራትና አምስት ዓመት ስለሆነው ልጅ ነው። ለሶላት እንኳ ያልታዘዘን ልጅ "ጂም"ን ከ"ኻ" ባለመለየቱ መምታት ከየት የመጣ ዲን ነው? አነስ (ረ.ዐ.) በልጅነቱ ጀምሮ ነቢዩን አስር ዓመት አገልግሎ አንድም ጊዜ የማሰልቸት ቃል እንኳ ከአንደበታቸው እንዳልሰማ ተናግሯል።

ኢብን ኸልዱን በ779 ዓመተ ሒጅራ በጻፈው "ሙቀዲማ" ውስጥ በተማሪ ላይ ስለሚደረግ ጭካኔ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። በኃይል ያደገ ልጅ ልቡ እንደሚጠብ፣ ንቃቱ እንደሚጠፋ፣ ወደ ስንፍና እንደሚያዘነብል፣ ከሁሉም በላይ እጅ እንዳይዘረጋበት ፈርቶ በልቡ የሌለውን እየተናገረ ውሸትን እንደሚለምድ ይገልጻል፤ ጉዳቱም በተለይ በትንንሾቹ ላይ እንደሚብስ ያስጠነቅቃል። እኛም በክፍላችን የምናየው ይህንኑ ነው። ከሌላ ቦታ ተመትቶ የመጣ ልጅ ይታወቃል። እጃችንን ሰሌዳ ለመጥረግ ስናነሣ አንገቱን ይሰብራል። ጥያቄ ሲጠየቅ መልሱን የሚፈልገው ከሰሌዳው ሳይሆን ከፊታችን ላይ ነው።

የአገሪቱም ሕግ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በሌሎች የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መድረሳም ሕፃናትን የሚይዝ ተቋም ነውና "የእኛ ሌላ ነው" ማለት አያስኬድም።

"ታዲያ ያለ አለንጋ አርባ ልጅ እንዴት ይያዛል?" ይሉናል ኡስታዞች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አርባ የአራት ዓመት ልጆችን በአንድ ምንጣፍ ላይ ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል። መልሱ ግን ከአለንጋው ቀድሞ መታየት ያለበት ነገር ላይ ነው። የዚህ ዕድሜ ልጅ አንድ ነገር ላይ ልቡን የሚያሳርፈው ለአስር፣ ቢበዛ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀምጠነው ሲነቃነቅ ብንቆጣው ጥፋቱ የሰዓቱ ነው። አስር ደቂቃ አብረው ካሰሙ በኋላ ይነሡ፣ ውዱእ ይለማመዱ፣ ታሪክ ይስሙ፣ ይሩጡ፣ ከዚያ እንደገና ይቀመጡ። ከፍ ያሉ ደረሶችን በቡድን በቡድን ማስቀመጥም የቆየ ዘዴያችን ነው፤ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አምስት ትንንሾችን ቢይዝ ኡስታዙ ለአንድ አንዱ ጆሮ መስጠት ይችላል።

ዝም ያለው ልጅ

ሁሉም ረባሽን ያያል፤ ዝምተኛውን ግን የሚያየው ጥቂት ነው። በአንድ መድረሳ ያገኘናት የአምስት ዓመት ልጅ ሁልጊዜ ግድግዳውን ተደግፋ ትቀመጥ ነበር። ሌሎቹ በኅብረት ሲያሰሙ አፏን ታንቀሳቅሳለች፣ ግን ሁልጊዜ ከነሱ አንድ ቃል ዘግይታ ነው። ስሟን ከኋላዋ ስንጠራ አትዞርም፤ ፊት ለፊቷ ቆመን ስንጠራት ግን ፈገግ ትላለች። "ገራገር ናት፣ አይገባትም" ተብሎ ተትታ ነበር። እናትየዋን ስንጠይቃት "ጆሮዋ ብርድ በመታት ቁጥር ይመግላል፣ በኋላ ይተዋታል" አለችን። ጤና ጣቢያ ተወስዳ ታከመች፤ እኛም ከፊተኛው ረድፍ፣ ከኡስታዟ አፍ ፊት ለፊት አስቀመጥናት። በዚያው ዓመት ሦስቱን አጫጭር ሱራዎች ብቻዋን ቆማ አሰማች። እናትየዋ በበሩ ሆና እየሰማች ነበር።

የሚመግል ጆሮ "ይተዋታል" ተብሎ የሚተው አይደለም። ሳይታከም ደጋግሞ ሲመጣ የመስማት ኃይልን ይቀንሳል፤ በዚህ ዕድሜ ለጥቂት ወራት በደንብ ያልሰማ ልጅ በንግግሩም ወደ ኋላ ይቀራል። ልጃችሁ ቴሌቪዥኑን እጅግ አስጠግቶ ወይም እጅግ አስጩሆ የሚያይ፣ ደጋግሞ "እ?" የሚል፣ አዛን ሲጠራ ወንድሞቹ ሁሉ ቀና ሲሉ እርሱ ብቻ የማይሰማ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ኒቃብ የምትለብስ ኡስታዛም ከትንንሾቹ ጋር በተዘጋ ክፍል ስትሆን ፊቷን ብትገልጥላቸው መልካም ነው፤ ልጆች ሐርፍን የሚማሩት የአስተማሪን ከንፈር በማየትም ጭምር ነው።

በሦስት ዓመቱ ሁለት ቃል አጣምሮ የማይናገር፣ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን የማይተያይ፣ ወይም ይናገር የነበረውን የተወ ልጅም እንዲሁ ለሐኪም ይታይ። "አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው" እያሉ ዓመት ማሳለፍ ልጁን ይጎዳዋል። ደብቆ ማሳደግ ደግሞ ይብሳል። "ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ" ይላል ያገራችን ሰው፤ ከነዝምታውም ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

መንግሥት በ1986 ዓ.ም. ባወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ኬጂ የልጁን ሁለንተናዊ እድገት የሚያግዝ እንዲሆን አስቀምጦ ነበር፤ ሆኖም ሥራው በአብዛኛው ለግለሰቦች፣ ለሃይማኖት ተቋማትና ለድርጅቶች ስለተተወ ለብዙ ዓመታት ከአስር ሕፃናት አንዱ እንኳ አያገኘውም ነበር። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የጋራ ማዕቀፍ ካወጡ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ "ኦ" ክፍል ተከፍቷል። ለግል ኬጂ መክፈል ያልቻለ ወላጅ ይህን በር ቢያንኳኳ ነውር የለበትም። ክፍሉ ሊጨናነቅ ይችላል፤ ግን በውድ ኬጂ ውስጥም አንድ ገጽ ሙሉ "ኤ" የምታስጽፍ ሚስ አለች።

የትም ብታስመዘግቡ በመጀመሪያው ቀን ክፍያውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ልጆቹ በምን ሰዓት እንደሚጫወቱ ጠይቁ። ለአራት ዓመት ልጅ የጽሑፍ የቤት ሥራ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሰጡ እንዲቀርላችሁ በትሕትና ተነጋገሩ። ለኡስታዙ ልጁ በኬጂ የትኛውን ፊደል እንደያዘ፣ ለሚስም በመድረሳ ምን እንደሚቀራ ንገሯቸው፤ ሁለቱ ሊገናኙ የሚችሉት በእናንተ በኩል ብቻ ነው። ከኬጂ መልስ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሳይተኛና ሳይጫወት ወደ መድረሳ አትላኩት። በሳምንት አምስት ቀን ከሚሄድ ይልቅ ሦስት ቀን ሄዶ ነቅቶ ቢቀራ ይሻላል፤ አንዳንድ ኡስታዞች ይህን ስንነግራቸው መጀመሪያ ቅር ብሏቸው፣ በኋላ ግን ተቀብለውናል።

መጸዳጃ ቤቱንም ገብታችሁ እዩት። የአራት ዓመት ልጅ ጉድጓዱን ፈርቶ፣ ወይም በሩ ከብዶት፣ ወይም ኡስታዙን ማስፈቀድ አፍሮ ልብሱን ያረጥባል፣ ከዚያም "መድረሳ አልሄድም" ብሎ ያለቅሳል፤ እናንተ ቁርአን የጠላ ይመስላችኋል። ለኢስቲንጃና ለውዱእ የሚቀመጠው ማንቆርቆሪያ ሲሞላ ለእርሱ ከባድ ነው። ግማሽ ውሃ የያዘ ትንሽ ጣሳ ይበቃዋል።